እግር ኳስን ለታዳጊ ተማሪዎች ማስተማር፦ ከሰልፍ መልመጃ ወደ አነስተኛ ጨዋታ

መግቢያ

እግር ኳስ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እጅግ ከሚወደዱት ስፖርቶች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። የእረፍት ደወል ሲደወል ሜዳው በልጆች ይሞላል፤ ኳስ ባይኖር እንኳ ያረጀ ካልሲና ጨርቅ ጠቅልለው በሲባጎ አስረው፣ ሁለት ድንጋይ ግብ አድርገው ይጫወታሉ። ይሁን እንጂ ይኸው ማንም ሳያዘው የሚሮጠው ልጅ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ክፍለ ጊዜ እግር ኳስ «ሲማር» ብዙውን ጊዜ በሰልፍ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ ይታያል። ተማሪው ጨዋታውን በእረፍት ሰዓት እያገኘ በትምህርት ሰዓት የሚያጣው ከሆነ፣ ጉድለቱ በተማሪው ላይ ሳይሆን በትምህርቱ አደረጃጀት ላይ መሆኑ ግልጽ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእግር ኳስ መልመጃዎችና የጨዋታ ስልት ለታዳጊ ተማሪዎች በምን ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀርቡ እንደሚገባ ማስረዳት ነው። መነሻ የሆነውም ብዙ ተማሪ፣ ጥቂት ኳስና አጭር ክፍለ ጊዜ ያለው ተራ ትምህርት ቤት ነው። የተሟላ ዕቃና የተመረጡ ተጫዋቾች ላሉት ክለብ የተዘጋጀ ሥልጠና እንዳለ ወደ ትምህርት ቤት ሲዛወር ከሃምሳ ተማሪዎች መካከል አርባውን ተመልካች አድርጎ ስለሚያስቀር፣ ለትምህርት ቤት የሚስማማው ዘዴ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል።

የጊዜና የኳስ ሒሳብ

አንድ መምህር 48 ተማሪዎች፣ 2 ኳሶችና የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አሉት እንበል። ለመሰብሰብና ሰውነትን ለማሟሟቅ 10 ደቂቃ ቢቀነስ የሚቀረው 30 ደቂቃ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን 24፣ 24 አድርጎ በሁለት ሰልፍ ያቆምና እያንዳንዱ ተማሪ ኳስ እየገፋ በተደረደሩ ድንጋዮች መካከል ተጠማዝዞ እንዲመለስ ያዛል። አንዱ ተራ 15 ሴኮንድ ቢፈጅ ሰልፉ አንድ ጊዜ ለመዞር 6 ደቂቃ ያስፈልገዋል። በ30 ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተማሪ 5 ተራ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ይኸውም በድምሩ 75 ሴኮንድ ነው። የቀረውን 28 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ቆሞ ያሳልፈዋል።

መምህሩ መልመጃውን ትቶ ሙሉ ግጥሚያ ቢያካሂድም ችግሩ አይቃለልም። በአሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ጨዋታ 22 ተማሪዎች ሲገቡ 26 ተማሪዎች በሜዳው ዳር ይቀመጣሉ። ከገቡትም መካከል ኳሱ ዘወትር ወደ ጠንካሮቹ ስለሚሄድ ደካማው ተማሪ ኳስ ሳይነካ ጨዋታው ሊያልቅ ይችላል።

አሁን ደግሞ እነዚሁ 48 ተማሪዎች አራት አራት ሆነው በ12 ቡድን ቢከፈሉና በስድስት አነስተኛ ሜዳዎች ላይ አራት ለአራት ቢጫወቱ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ለዚህ 6 ኳስ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ የቆዳ፣ አራቱ ተማሪዎቹ የሠሩት የጨርቅ ኳስ ሊሆን ይችላል። በ30 ደቂቃ ውስጥ አንድ ኳስ ለ8 ተማሪዎች ሲካፈል የአንዱ ድርሻ በአማካይ 3 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ይሆናል፤ ይህም ከሰልፉ ሦስት እጥፍ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ኳሱ በእግሩ በሌለበት ጊዜ ተማሪው የማይቆም መሆኑ ነው፤ ይሮጣል፣ ይመለከታል፣ ተጋጣሚውን ይይዛል፣ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ከስምንት ልጆች መካከል የሚደበቅበት ስፍራ ስለሌለ ኳሱ ሁሉንም ያገኛቸዋል።

የሜዳው ጉዳይም የሚያስቸግር አይደለም። 100 ሜትር ርዝመትና 60 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ በርዝመቱ በሦስት፣ በስፋቱ በሁለት ቢከፈል ስድስት ሜዳዎች ይወጡታል፤ እያንዳንዱም 25 በ20 ሜትር ሆኖ በመካከላቸው በቂ መተላለፊያ ይቀራል። ሜዳው ከዚህ ካነሰ የሜዳዎቹን ስፋት መቀነስ ይቻላል። ድንበሩን በኖራ፣ በአመድ ወይም በድንጋይ ማመልከት ይበቃል።

መልመጃና ጨዋታ

በሰልፍ የሚካሄደው መልመጃ ከጊዜ ብክነቱ ሌላ አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለው፤ ድንጋይ ኳስ አይቀማም። ተማሪው በድንጋዮች መካከል ሲጠማዘዝ የት እንደሚዞር አስቀድሞ ያውቃል፤ ለማን እንደሚያቀብል፣ መቼ እንደሚያቀብል፣ ማቀበል ይሻለው ወይም አታሎ ማለፍ ይሻለው እንደሆነ ማሰብ አያስፈልገውም። በጨዋታ ላይ ግን የሚያስቸግረው ይኸው ውሳኔ ነው። ኳሱን በትክክል የሚመታ እግር ኖሮት ለተጋጣሚው የሚያቀብል ተጫዋች የጎደለው የእግር ጥበብ ሳይሆን የማየትና የመወሰን ልምድ ነው።

በእንግሊዝ አገር በላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዴቪድ ባንከርና ሮድ ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ነጥብ አንሥተዋል። በእነርሱ አስተያየት በክህሎት መልመጃ ላይ ብቻ የተመሠረተው አስተማሪነት ብዙ ተማሪዎች ስኬት ሳያገኙ እንዲቀሩ፣ ጎበዝ የተባሉትም በተለዋዋጭ ሁኔታ መወሰን የሚቸግራቸውና የመምህሩን ትእዛዝ የሚጠብቁ እንዲሆኑ ያደርጋል። ስለሆነም ትምህርቱ ለልጆቹ ዕድሜ ከተስተካከለ ጨዋታ እንዲነሣ፣ ተማሪው በመጀመሪያ «ምን ላድርግ?» የሚለውን፣ ቀጥሎ «እንዴት ላድርገው?» የሚለውን እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀረቡ።

ይህ ማለት ግን መልመጃ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በእግሩ ጎን ኳስ መምታት የማይችል ልጅ ነጻ ጓደኛውን ቢያይም ኳሱን ሊያደርስለት አይችልም። የሚያስፈልገው የቅደም ተከተል ለውጥ ነው፤ በቅድሚያ ጨዋታ፣ በጨዋታው ውስጥ ጉድለት ሲታይ መልመጃ፣ ከዚያም የተለመደውን ለመጠቀም እንደገና ጨዋታ። እንዲህ ሲሆን ተማሪው መልመጃውን ለምን እንደሚሠራ ያውቃል።

አንድ መልመጃ ለጨዋታ የሚጠቅም መሆኑን ለመለየት መምህሩ አራት ነገሮችን ቢፈልግ ይበቃል። እነርሱም ኳስ፣ ጓደኛ፣ ተጋጣሚና አቅጣጫ ናቸው። አራቱ የተሟሉበት መልመጃ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ጨዋታ ነው።

ዕድሜና የትምህርቱ ደረጃ

ከ7 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች ዐይናቸው ከኳሱ አይነሣም፤ ሁሉም ወደ ኳሱ ይሮጣሉ። ይህ የዕድሜያቸው ጠባይ እንጂ ጥፋት ስላልሆነ በጩኸት አይታረምም። በዚህ ደረጃ የሚስማማቸው ኳስ በብዛት መንካት፣ አንድ ለአንድ መግጠም፣ ከሦስት ለሦስት እስከ አራት ለአራት መጫወት ነው። «አንተ ተከላካይ ነህ፣ ከዚህ አትለፍ» ተብሎ አንድ ልጅ በአንድ ስፍራ ሊወሰን አይገባም።

ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉት ከራሳቸው ሌላ የጓደኛቸውንና የተጋጣሚያቸውን አቋም ማስተዋል ይጀምራሉ። ስለዚህ የቅብብል፣ የድጋፍና የሽፋን ትምህርት ሥር የሚሰደው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጨዋታውም ቀስ በቀስ እስከ ሰባት ለሰባት ሊያድግ ይችላል። ከ15 ዓመት በላይ ያሉት ዘጠኝ ለዘጠኝ፣ በመጨረሻም አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ በመጫወት የሙሉውን ሜዳ የጨዋታ ስልት መማር ይችላሉ።

መሣሪያውም ከዕድሜ ጋር መመጣጠን አለበት። ለአዋቂዎች የተወሰነው ቁጥር 5 ኳስ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች አነስ ያለው ቁጥር 4 ኳስ ይሻላል። የአዋቂዎች ግብ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት ስላለው የ10 ዓመት በረኛ በላዩ የሚያልፈውን ኳስ ሊደርስበት አይችልም፤ ልጆችም ከዚህ የሚማሩት አርቆና ከፍ አድርጎ መምታትን ብቻ ይሆናል። 2 ሜትር ስፋት ያለው ዝቅተኛ ግብ ግን ተጠግቶ፣ ተቀባብሎና አስተካክሎ ማግባትን ያስተምራል።

ኳስን በግንባር መግጨትን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ኳስ በጭንቅላት እንዳይመቱ ወስኗል። የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የሰሜን አየርላንድ ፌዴሬሽኖችም እ.ኤ.አ. በ2020 በአንደኛ ደረጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች በልምምድ ጊዜ ኳስ በጭንቅላት እንዳይገጩ መመሪያ አውጥተዋል። ምክንያቱ ለአእምሮ ጤና ሲባል ነው። መምህሩም በታችኛው ክፍሎች ይህን መልመጃ ቢተወው ልጆቹ ከጨዋታው የሚያጡት ነገር አይኖርም።

የአራት ተማሪዎች መልመጃዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት መልመጃዎች ሁሉም አራት ተማሪዎች ባሉበት ቡድን የሚሠሩ ስለሆኑ መምህሩ በየጊዜው ተማሪዎቹን እንደገና መደልደል አያስፈልገውም። ለ48 ተማሪዎች 12 ኳስ ይበቃል። አንድ ቡድን አንድ የጨርቅ ኳስ ሠርቶ እንዲያመጣ የሁለት ሳምንት ጊዜ ቢሰጠው የኳስ እጥረቱ በአብዛኛው ይቃለላል። የጨርቅ ኳስ ስለማይነጥር በምድር ላይ ለሚደረግ ቅብብል፣ ለማቆምና ለመግፋት መልካም ነው፤ በአየር ላይ ላለ ኳስ ትምህርት ግን አይሆንም።

ሀ) አንድ ለአንድ። ሁለቱ ተማሪዎች በ15 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት እግራቸውን ከፍተው ይቆማሉ፤ እነርሱ ግብ ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ በመካከል ይገጥማሉ። እያንዳንዱ በተጋጣሚው በኩል ባለው ጓደኛው እግሮች መካከል ኳሱን ሊያሳልፍ ይሞክራል። አንድ ደቂቃ ሲሞላ ይለዋወጣሉ። መልመጃው በጣም አድካሚ ስለሆነ ግብ ሆኖ መቆሙ እንደ እረፍት ያገለግላል። ኳስ የያዘው ሰውነቱን በኳሱና በተጋጣሚው መካከል ማድረግን፣ የሚከላከለውም ዘሎ አለመግባትን፣ ጎን ለጎን ቆሞ ማዘግየትን ይማራል።

ለ) ሦስት ለአንድ። በ8 በ8 ሜትር አደባባይ ሦስቱ ይቀባበላሉ፤ አንዱ መሐል ገብቶ ሊቀማ ይሞክራል። ኳስ ያስቀማ መሐል ይገባል። ይህ ዓይነቱ መልመጃ በውጭ አገር ሮንዶ በመባል ይታወቃል፤ ዮሃን ክሩይፍ ከ1988 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የባርሴሎና ቡድን አሠልጣኝ በነበረበት ዘመን ከዕለታዊ ልምምዶቹ አንዱ ነበር። ዋናው ትምህርት ያለው ኳስ ባልያዙት ሁለት ልጆች እንቅስቃሴ ላይ ነው። ኳስ የያዘው በግራም በቀኝም አማራጭ እንዲያገኝ ሁለቱ ከተቀማጩ ጀርባ መውጣት አለባቸው። ከቆሙ መሐል ያለው ልጅ በአንድ ርምጃ መንገዱን ይዘጋዋል።

በዚህ መልመጃ ውስጥ የእግር ጎን ምት ሊታረም ይችላል። የሚቆመው እግር በኳሱ አጠገብ ወደ ተቀባዩ አቅንቶ ይቀመጣል፤ የሚመታው እግር ቁርጭምጭሚት ይጠነክራል፤ ኳሱ ከመካከሉ ይመታል። የሚቀበለውም እንቁላል በእጁ እንደሚቀበል ሰው እግሩን ከኳሱ ጋር በጥቂቱ ወደ ኋላ በመመለስ ያለሰልሰዋል። ኳሱ ሳይደርሰው አስቀድሞ ዘወር ብሎ የማየት ልማድም ከዚህ ይጀመራል።

ሐ) ሁለት ለአንድ። በ20 በ10 ሜትር ሜዳ ሁለት አጥቂዎች ከአንዱ ጫፍ ይነሣሉ፤ አንድ ተከላካይ መሐል ይጠብቃል፤ አራተኛው ተማሪ በሌላው ጫፍ ኳስ ሊቀበል ይቆማል። አጥቂዎቹ ተከላካዩን አልፈው ኳሱን ለአራተኛው ካደረሱ ነጥብ ያገኛሉ። ብዙ ልጆች ኳሱን ገና ከሩቅ ለጓደኛቸው ያቀብላሉ፤ ተከላካዩም በቂ ጊዜ ስላለው ይደርስበታል። ትክክለኛው መንገድ ኳስ የያዘው ተከላካዩን ወደ ራሱ እስኪስበው ድረስ በቀጥታ ወደ እርሱ መግፋት ነው። ተከላካዩ ከመጣ ያቀብላል፤ ካልመጣ ራሱ ያልፋል። በእግር ኳስ የማጥቃት ስልት ውስጥ ካሉት ነገሮች አብዛኞቹ የዚህ የሁለት ለአንድ ሁኔታ ተከታታይ መልኮች ናቸው ማለት ይቻላል።

መ) አራት ለሦስት። ሁለት የአራት ቡድኖች ይገጥማሉ። ኳስ ያጣው ቡድን አንድ ተጫዋቹን ወደ ግብ መስመሩ እንዲመልስ ይገደዳል፤ ስለዚህ አጥቂዎቹ ሁልጊዜ በቁጥር ይበልጣሉ። ኳስ በተቀማ ቁጥር ሁኔታው ስለሚገለበጥ ተማሪዎቹ ከማጥቃት ወደ መከላከል፣ ከመከላከል ወደ ማጥቃት ፈጥኖ መሸጋገርን ይለምዳሉ። የሚከላከሉት ሦስቱም አንዱ በኳሱ ላይ ጫና ሲያደርግ ሁለቱ ከኋላው ሽፋን እንዲሰጡ ይገደዳሉ።

ሠ) አራት ለአራት። በ25 በ20 ሜትር ሜዳ በነጻነት የሚካሄድ ጨዋታ ነው። መምህሩ ሊያስተምር የፈለገውን ነገር የሜዳውን ቅርጽ ወይም ደንቡን በመለወጥ ሊያመጣው ይችላል። ለምሳሌ ልጆቹ ኳሱ ባለበት ብቻ የሚሰበሰቡ ከሆነ በእያንዳንዱ ጫፍ በግራና በቀኝ ማዕዘን ሁለት ሁለት ትንንሽ ግብ ቢደረግ፣ አንዱ ሲዘጋባቸው ሌላው ክፍት እንደሆነ ራሳቸው ያገኙታል፤ በሜዳውም ስፋት ይበተናሉ። አንዱ ጎበዝ ለማንም የማያቀብል ከሆነም ከተቀባበሉት ኳስ የተገኘ ግብ ሁለት እንዲቆጠር ቢደነገግ ከተግሣጽ ይልቅ ይሠራል።

የጨዋታ ስልት ምንድን ነው?

በአዋቂዎች ግጥሚያ 90 ደቂቃ ውስጥ ኳስ በጨዋታ ላይ የምትቆየው 60 ደቂቃ ያህል ነው ብንል እንኳ፣ ለ22 ተጫዋቾች ሲካፈል የአንዱ ድርሻ 3 ደቂቃ አይሞላም። በቀሩት 87 ደቂቃዎች ተጫዋቹ ያለ ኳስ ነው። የጨዋታ ስልት የሚባለው በአብዛኛው በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ የት መሆንና ምን ማድረግ እንደሚገባ ማወቅ ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ስልት ሲባል የሚታሰበው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ የአሰላለፍ ቁጥር ነው። የአሰላለፍ ታሪክ እንደሚያስረዳው ቁጥሩ ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ተሻሽሎ በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ሊኖሩ የሚገባቸው ተጋጣሚዎች ከሦስት ወደ ሁለት ሲቀነሱ፣ በኸርበርት ቻፕማን ይሠለጥን የነበረው አርሰናል አንዱን አማካይ ወደ ኋላ መልሶ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1958 ብራዚል የዓለምን ዋንጫ ያሸነፈችው በአራት፣ ሁለት፣ አራት አሰላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ የኔዘርላንድስ ቡድን ተከላካዩ ሲያጠቃ፣ አጥቂው ቦታውን ሲሸፍንለት የሚታይበትን አጨዋወት ለዓለም አሳየ። ስለዚህ አንድን አሰላለፍ በቃሉ ያጠና ልጅ ሲያድግ ጨዋታው ተለውጦ ይጠብቀዋል።

የማይለወጡት መሠረተ ሐሳቦች ናቸው። በማጥቃት በኩል ኳስ ለያዘው ድጋፍ መስጠት፣ የሜዳውን ስፋት መጠቀም፣ ወደ ፊት ጥልቀት ማግኘትና ቦታ እየለዋወጡ ተከላካዮችን ማንቀሳቀስ ናቸው። በመከላከል በኩል ደግሞ ኳስ የያዘውን ማዘግየት፣ ለጓደኛ ሽፋን መስጠት፣ በሩቁ ጎን ያለውን ተጋጣሚ አለመዘንጋትና በግብ ፊት መሰብሰብ ናቸው። ከላይ የተዘረዘሩት መልመጃዎች እነዚህን ሁሉ ይይዛሉ፤ ድጋፍ በሦስት ለአንድ፣ ማዘግየት በአንድ ለአንድ፣ ሽፋን በአራት ለሦስት፣ ስፋት በአራት ለአራት ይገኛል። አራት ለአራት ውስጥ ሽፋን መስጠትን የለመደ ልጅ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሲገባ ቁጥሩ ይበዛበታል እንጂ ትምህርቱ አዲስ አይሆንበትም።

የክፍለ ጊዜው አደረጃጀትና የመምህሩ ተግባር

የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንደሚከተለው ሊከፈል ይችላል። 5 ደቂቃ ለመሰብሰብ፣ 5 ደቂቃ በኳስ ሰውነትን ለማሟሟቅ፣ 8 ደቂቃ ለመጀመሪያው አራት ለአራት ጨዋታ፣ 10 ደቂቃ በጨዋታው ለታየው ጉድለት ለተመረጠ አንድ መልመጃ፣ 10 ደቂቃ ለሁለተኛው ጨዋታ፣ 2 ደቂቃ ለውይይት። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከአንድ ነጥብ በላይ ለማስተማር አለመሞከር ይመረጣል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

ጨዋታው ሲካሄድ መምህሩ ከስድስቱ ሜዳዎች በአንዱ አጠገብ ቆሞ ይመለከታል እንጂ ለስድስቱም አይጮኽም። ስሕተት ሲደጋገም ፊሽካ ነፍቶ ሁሉም ባሉበት እንዲቆሙ ያደርግና በአጭሩ ይጠይቃል። አጠያየቁም ለውጥ ያመጣል። «ለምን አላቀበልክም?» የሚለው ወቀሳ ስለሆነ ልጁ አንገቱን ይደፋል። «አሁን ነጻ የሆነው ማን ነው?» የሚለው ግን ዐይኑን ያነሣል። ጥያቄውና መልሱ ከግማሽ ደቂቃ ሳያልፍ ጨዋታው መቀጠል አለበት።

ስለ ምርጫና ስለ ተተዉት

የዚህ ሁሉ ትርጉም በይበልጥ የሚታየው በምርጫ ላይ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የሁለትና የሦስት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ያላቸው ተማሪዎች መኖራቸው የተለመደ ነው፤ ዕድሜያቸው እኩል የሆኑትም በሰውነት እድገት እኩል አይሆኑም። የ12 ዓመት ልጆች በሙሉ ሜዳ ሲገጥሙ አሸናፊው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ያደገው፣ ረዥሙና ፈጣኑ ነው። መምህሩ በዚያ ቀን ቡድን ቢመርጥ የመረጠው ክህሎትን ሳይሆን ቁመትን ይሆናል። ከዚያ በኋላ የተመረጠው ኳስ፣ ማሊያና ግጥሚያ ያገኛል፤ ያልተመረጠው ሁሉንም ያጣል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲተያዩም የተመረጠው በልጦ ይገኛል። ምርጫው ትክክል የነበረ ይመስላል፤ ልዩነቱን የፈጠረው ግን ምርጫው ራሱ ነው።

ሴት ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ ቀድሞ የሚቀሩ ናቸው። የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 በአፍሪካ ሻምፒዮና አራተኛ በመሆን ችሎታው እንዳለ አስመስክሯል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ኳስ ሲሰጥ ሴቶች በራሳቸው ፈቃድ ወደ ዳር የሚወጡ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን በ22 ልጆች ትርምስ ውስጥ ቦታ ስላጡ ነው። በአራት ተማሪዎች ቡድን ውስጥ ዳር የለም። መጀመሪያ ላይ ከሴት ጓደኞቿ ጋር ተለማምዳ፣ ቆይታ ከወንዶች ጋር የተቀላቀለች ልጅ ኳስ ተቀባይ ሆና ትገኛለች።

ኢትዮጵያ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። ከ1974 ዓ.ም. ውድድር በኋላ ግን እንደገና ለመሳተፍ የበቃችው በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ነበር። ለዚህ ልዩ ልዩ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል። ትምህርት ቤቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ድርሻ ግን ግልጽ ነው፤ ብዙ ልጆችን ለረዥም ጊዜ በጨዋታው ውስጥ ማቆየት። ከ48 ተማሪዎች መካከል ለብሔራዊ ቡድን የሚደርስ አንድም ላይኖር ይችላል፤ አርባ ስምንቱም ግን ክፍለ ጊዜው ለእነርሱ የተመደበ ተማሪዎች ናቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የእግር ኳስ ትምህርት የሚሻሻለው በዋነኛነት ዕቃ በመጨመር ሳይሆን ተማሪውን ከሰልፍ አውጥቶ ወደ አነስተኛ ጨዋታ በማስገባት ነው። መልመጃው ኳስ፣ ጓደኛ፣ ተጋጣሚና አቅጣጫ ይኑረው፤ ስልቱም ከሁለት ለአንድ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ይደግ፤ ምርጫ ሳይቸኮል ይቆይ።

መምህሩ አደረጃጀቱ መልካም መሆኑን ለመመርመር ቀላል ዘዴ አለው። በክፍሉ ውስጥ እጅግ ጎበዝ የሆነውን አንድ ተማሪና እጅግ ዝምተኛ የሆነውን አንድ ተማሪ መርጦ፣ በጨዋታው መካከል ለአምስት ደቂቃ እያንዳንዳቸው ኳስ የነኩበትን ጊዜ ይቍጠር። የመጀመሪያው ቁጥር ትልቅ፣ የሁለተኛው ባዶ ወይም ለባዶ የቀረበ ከሆነ ሜዳው ሰፍቷል ወይም ልጆቹ በዝተዋል፤ ቡድኖቹን ማሳነስ ያሻል። በየወሩ ተመዝግቦ የሁለተኛው ቁጥር እያደገ ሲሄድ ከታየ ትምህርቱ ለሁሉም መድረስ መጀመሩን ያመለክታል።